ጥቁር ጠላና ጥቁር የስንዴ ቢራ፦ በቤት የተጠመቀ መጠጥ እንዴት ይመዘናል?

ገርጂ ውስጥ ለሕዝብ ክፍት በሆነ የትምህርት መድረክ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል



የዛሬው ንግግሬ ስለ ሁለት መጠጦች ነው። አንደኛው ሁላችንም የምናውቀው ጥቁር ጠላ ነው። ሁለተኛው በደቡብ ጀርመን፣ በባቫርያ የሚጠመቀው ጥቁር የስንዴ ቢራ ነው፤ በአገሩ ቋንቋ ዱንክልቫይሰን ይባላል፤ ዱንክል ጥቁር፣ ቫይሰን ስንዴ ማለት ነው። ከሁለቱ የትኛው ይበልጣል የሚል ክርክር ይዤ አልመጣሁም። የያዝኩት ጥያቄ ሌላ ነው፤ በቤታችን የጠመቅነውን መጠጥ ቀምሰን «ጥሩ ነው» ወይም «ተበላሽቷል» ስንል ምን ማለታችን ነው? ይህን ካልን በኋላስ በሚቀጥለው ጥንስስ ምኑን እናስተካክላለን?

ጥያቄው ለዚህ ሰፈር እንግዳ አይደለም። ከገርጂ ብዙም በማይርቀው በቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሱፍሌ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ የኢትዮጵያን ገብስ ለቢራ ፋብሪካዎች ብቅል የሚያደርግበት ትልቅ ፋብሪካ አለ። በቦሌ ቢራ ጋርደን ለዓመታት በጀርመን ስልት እዚያው የተጠመቀ ቢራ፣ ፈካ ያለውና ኢቦኒ የተባለው ጥቁሩ፣ ሲቀዳ ኖሯል። በየመንደሩ ውስጥ ለውስጥ ደግሞ ጣሳ እንጨት ላይ ተደፍቶ የሚታይባቸው ደጆች አሉ፤ ጠላ መኖሩን ለማስታወቅ ከዚያ የተሻለ ሰሌዳ አላስፈለጋቸውም። ፋብሪካው ላቦራቶሪ አለው፤ ጠማቂዋ ግን ያላት ምላሷ፣ አፍንጫዋና ልምዷ ነው። አንድ ጋን ጠላ ሲበላሽባት የሚጠፋው የገብሱ፣ የጌሾው፣ የማገዶው ዋጋና የሳምንት ድካሟ ነው፤ ብዙ ጊዜም የሚቀጥለው ጥንስስ መነሻ ገንዘብ ያው ነው። ስለዚህ ምዘና የሰነፍ ጊዜ ማሳለፊያ ሳይሆን የእንጀራ ጉዳይ ነው።

ላስረዳ የምፈልገው ፍሬ ነገር አንድ ነው። የጠመቃ ሙያ የሚያድገው ብዙ በመጥመቅ ብቻ አይደለም፤ የቀመሱትን በትክክለኛ ቃል በመግለጽ፣ ምክንያቱን በመፈለግና በመመዝገብም ጭምር ነው። ጀርመኖቹ ይህን ለስንዴ ቢራቸው አድርገዋል። እኛ ቃሉም ዕውቀቱም አለን፤ የጎደለን ሁለቱን በወረቀት ላይ ማገናኘት ነው።

በመጀመሪያ ስለ ጀርመኑ ቢራ ጥቂት ልበል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1516 የባቫርያ መሳፍንት ቢራ ከገብስ፣ ከሆፕስና ከውኃ በቀር ከሌላ ነገር እንዳይጠመቅ የሚያዝ ሕግ አወጡ። በዚህ ሕግ መሠረት የስንዴ ቢራ ሊኖር ባልተገባ ነበር፤ ነገር ግን የዴገንበርግ መሳፍንት ቤት በልዩ ፈቃድ ሲጠምቀው ቆየ። የቤቱ ዘር በ1602 ሲቋረጥ መብቱ ወደ ባቫርያ ገዢዎች ተመለሰና ለረዥም ዘመን የቤተ መንግሥቱ ጥሩ የገቢ ምንጭ ሆነ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የስንዴ ቢራ ገበያው ሲቀዘቅዝ ጌኦርግ ሽናይደር የተባለ ጠማቂ በ1872 የመጥመቅ መብቱን አግኝቶ ሥራውን አስቀጠለ። ዛሬ በጀርመን አንድ ቢራ የስንዴ ቢራ ተብሎ እንዲጠራ ከብቅሉ ቢያንስ ግማሹ የስንዴ ብቅል መሆን አለበት።

የቢራ ዳኞች ለዚህ መጠጥ የጻፉት መግለጫ ግልጽ ነው። ቀለሙ ከመዳብ እስከ ጠይም ቡናማ ይደርሳል፤ አረፋው ወፍራምና ቶሎ የማይከስም ነው፤ እርሾው ስላልተጣራ ደፍረስ ይላል። መዓዛው ሙዝንና ቅርንፉድን፣ ከሥሩም የዳቦ ቅርፊትን ያስታውሳል። ምሬቱ ዝቅተኛ ነው። አልኮሉ በመጠን ከ4.3 እስከ 5.6 በመቶ ይደርሳል። ሙዝና ቅርንፉድ ስል ማንም ሙዝ ወይም ቅርንፉድ አልጨመረበትም። የሙዙን መዓዛ እርሾው ራሱ ሲፈላ ይፈጥረዋል፤ የቅርንፉዱን ደግሞ በእህሉ ውስጥ ካለ ፌሩሊክ አሲድ ከተባለ ንጥረ ነገር ይሠራዋል። የዳቦው ቅርፊት ከብቅሉ መጠበስ የመጣ ነው።

ይህን ቢራ እዚህ ገርጂ በቤት መጥመቅ ይቻላልን? ይቻላል። ለ20 ሊትር ያህል 5 ኪሎ ገደማ ብቅል ይበቃል፤ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ስንዴ፣ ቀሪው ገብስ ይሁን። የስንዴ ብቅል ሱቅ ባይገኝ እናቶቻችን እንደሚያደርጉት ስንዴውን ዘፍዝፎ፣ በቅጠል ሸፍኖ፣ አብቅሎና አድርቆ ማዘጋጀት ይቻላል፤ ሻጋታ ያየበትን ግን ያለ ርኅራኄ መጣል ያስፈልጋል። ከብቅሉ ጥቂቱ ምጣድ ላይ ቡናማ እስኪሆን ይቆላል፤ የመጠጡ ጥቁረት የሚመጣው ከዚህ ነው። የተከካው ብቅል በመጀመሪያ 45 ዲግሪ ገደማ በሆነ ውኃ ለ15 ደቂቃ ይቆያል፤ ይህ እርምጃ ለቅርንፉዱ መዓዛ መነሻ የሚሆነውን አሲድ ከእህሉ ያላቅቀዋል። ቀጥሎ ሙቀቱ ወደ 66 ዲግሪ ከፍ ብሎ ለአንድ ሰዓት ሲቆይ ስታርቹ ወደ ስኳር ይለወጣል። ስንዴ ገለባ ስለሌለው ሲጣራ እንደ ሊጥ ሊይዝ ይችላል፤ ገብሱ ከነገለባው የሚገባበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። የተጣራው ጭማቂ ከሆፕስ ጋር ለአንድ ሰዓት ይፈላል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ውኃ እዚህ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በዚህ ሙቀት ሆፕስ ምሬቱን የሚሰጠው ቀስ ብሎ ነውና ጠማቂው ይህን አስቀድሞ ያስላ።

ጭማቂው በፍጥነት ቀዝቅዞ፣ በንጹሕ ዕቃ ውስጥ ሆኖ፣ የስንዴ ቢራ እርሾ ይጨመርበታል። እርሾው የሚወደው ከ17 እስከ 20 ዲግሪ ያለውን አየር ነው፤ በአብዛኞቹ ወራት በከተማችን ጥላ ያለው ክፍል ለዚህ ይመቻል። ሙቀቱ ሲጨምር ሙዙ ይበረታል። በሁለት ሳምንት ገደማ ፍላቱ ሲያበቃ በአንድ ሊትር ከ7 እስከ 8 ግራም ስኳር ተጨምሮ ወደ ጠርሙስ ይገባል፤ ጋዙ የሚፈጠረው በዚህ ስኳር ነው። ጠርሙሱ ግፊት የሚችል ወፍራም ይሁን፤ ፍላቱ ሳያልቅ የታሸገ ጠርሙስ ይፈነዳልና።

አሁን ወደ ጠላው እንመለስ። ጋኑ በግራዋ ታጥቦ በወይራ ጭስ ይታጠናል። ጌሾና ጥቂት ብቅል በውኃ ሆነው ይጠነሰሳሉ። ቂጣው ይጋገራል፤ ገብሱ ተቆልቶ አሻሮ ይሆናል፤ ከተፈጨ በኋላ በውኃ ርሶ ምጣድ ላይ ሲታመስ እንኩሮ ይባላል። ሁሉም ተዋሕዶ ድፍድፍ ሆኖ ተከድኖ ይሰነብታል፤ በመጨረሻ ውኃ ተሞልቶበት ሲጠል ከላይ ጠላው፣ ከታች አተላው ይለያሉ። ጠላው ካለቀ በኋላ በድፍድፉ ላይ ውኃ ሲጨመር ቅራሪ ይወጣል።

ከጀርመኑ ስልት ጋር ስናነጻጽረው መሠረቱ አንድ ሆኖ እናገኘዋለን። ሆፕስ የሚሠራውን ጌሾ ይሠራል፤ ያመርራል፣ ያሸታል፣ የማይፈለጉ ተሕዋስያንን በከፊል ይገታል። በምጣድ የተቆላው ብቅል የሚሰጠውን ጥቁረት አሻሮ ይሰጣል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ ስታርችን ወደ ስኳር የሚለውጡት የብቅል ኢንዛይሞች በኃይለኛ ሙቀት ይሞታሉ። ስለዚህ አሻሮና እንኩሮ ቀለም፣ መዓዛና ስታርች ይሰጣሉ እንጂ ራሳቸውን ወደ ስኳር የመለወጥ ጉልበት የላቸውም፤ ጉልበቱ የብቅሉ ነው። «ብቅል ያነሰው ጠላ ጉልበት የለውም» የምትል ሙያተኛ፣ ኢንዛይም የሚለውን ቃል ሳትጠቀም ያንኑ እውነት ተናግራለች።

ልዩነቱም ከፍተኛ ነው። በጀርመኑ ስልት ስኳር ማውጣትና ማፍላት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። በጠላ ድፍድፍ ግን ብቅሉ ስታርቹን ሲለውጥ፣ እርሾው የተለወጠውን ወዲያው ሲበላ፣ የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎችም በጎን ሲሠሩ፣ ሦስቱ ሥራዎች በአንድ ጋን በአንድ ጊዜ ይከናወናሉ። የጠላ ለስላሳ ኮምጣጣነት የሚመጣው ከእነዚህ ባክቴሪያዎች ነው። አስቸጋሪነቱም ከዚህ የተነሣ ነው፤ አንዱ ካየለ ሌላው ይጎዳል።

እንግዲህ ምዘና የሚጀምረው «መጠጡ ምን ሊሆን ታስቦ ተጠመቀ?» ብሎ በመጠየቅ ነው። የወይራ ጭስ ለጠላ ሞገስ ነው፤ በጥቁር የስንዴ ቢራ ውስጥ ከተገኘ ግን ጉድለት ነው። ቀላል ኮምጣጣነት ለጠላ ይፈቀዳል፤ ለጀርመኑ ቢራ አይፈቀድም። መደፍረስ ለስንዴ ቢራው ባሕርዩ ነው፤ ለጠላ ግን አይደለም። አባቶቻችን ጥሩ ጠላን «ኩል የመሰለ» ሲሉ ያሞግሳሉ። በእኔ አስተያየት ይህች አጭር አባባል ሙሉ መስፈርት ይዛለች፤ ጥቁር ይሁን፣ ነገር ግን አይደፍርስ ትላለች። ጀርመኖቹ በገጽ የጻፉትን እኛ በሁለት ቃል ይዘነዋል። ችግሩ ሁለቱን ቃል ተከትሎ «እንዴት ኩል ይመስላል? ለምን አልመሰለም?» የሚለው አለመጻፉ ነው።

ስለ ቃላት ካነሣን፣ አማርኛ ለቅምሻ እጅግ የተመቸ ሰዋስው አለው። ስሙን ደግመን «ይላል» ወይም «ይሸታል» ስንል አንድን ነገር ሳይሆን የነገሩን ጥላ እንገልጻለን። «ጭስ ጭስ ይላል»፣ «ጥሬ ጥሬ ይላል»፣ «ውኃ ውኃ ይላል»፣ «እርሾ እርሾ ይሸታል» እንላለን። በዚሁ መንገድ የስንዴ ቢራው ሙዝ ሙዝ ይላል፣ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይሸታል ማለት እንችላለን። የባዕድ ቃል መበደር አያስፈልገንም።

ቃሉ ከምክንያቱ ጋር ሲጣመር ደግሞ መድኃኒት ይሆናል። መጠጡ ያረረ ያረረ ካለ፣ አመድ የመሰለ ምሬትም ምላስ ላይ ከቀረ፣ አሻሮው ከቡናማ አልፎ ከስሏል፤ በሚቀጥለው ጊዜ እሳቱ ይቀነስ፣ ቶሎ ቶሎ ይታመስ። ኮምጣጣነቱ እንደ እርጎ ለስላሳ ከሆነ የላክቲክ አሲድ ሥራ ነው፤ አፍንጫ የሚወጋ የሆምጣጤ ሽታ ካለው ግን አየር ገብቶበታል፤ ክዳኑና ልጥፉ ይመርመር፣ ጋኑ ተከፍቶ የሚቆይበት ጊዜ ይጠር። ጎድሎ የቆየ ጋን ቶሎ የሚኮመጥጠው ከመጠጡ በላይ ያለው ባዶ ቦታ በአየር ስለሚሞላ ነው። መድኃኒት መድኃኒት የሚሸት ከሆነ የቧንቧው ውኃ ክሎሪን ሊጠረጠር ይገባል፤ ውኃውን አስቀድሞ አፍልቶ ማቀዝቀዝ ይረዳል። ቅቤ ቅቤ የሚል ቢራ እርሾው ሥራውን ሳይጨርስ ተቀድቷል ወይም በባክቴሪያ ተበክሏል። እርጥብ ካርቶን የሚሸት ከሆነ ከፈላ በኋላ አየር ነክቶታል። ሻጋታ የሸተተ መጠጥ ግን ምዘና አያስፈልገውም፤ ይደፋል።

በዚህ ላይ የከተማ ኑሮ ያመጣውን ለውጥ እንጨምር። በኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ወይራ ማጨስም አሻሮ መቁላትም አይመችም። ስለዚህ የተዘጋጀ አሻሮና የተወቀጠ ጌሾ ከገበያ ይገዛል፤ ጋኑም በፕላስቲክ በርሜል ይተካል። ይህን መኮነን ለችግሩ መፍትሔ አይሆንም፤ ውጤቱን ማወቅ ግን ያስፈልጋል። ፕላስቲክ በጭስ አይታጠንም፤ በሻካራ ነገር ሲፈተግም ይጫጫራል፤ በጭረቱ ውስጥ ባክቴሪያ ይሸሸጋል። የምግብ ደረጃ ያለው በርሜል መምረጥ፣ በለስላሳ ጨርቅ ማጠብ፣ የተጫጫረውን መለወጥ ይገባል። የተገዛው አሻሮ መቼና እንዴት እንደተቆላ የማታውቅ ጠማቂ ከሙያዋ አንዱን ክፍል ለማታውቀው ሰው አስረክባለች፤ መልሳ የምትይዘው በመቅመስና በመመዝገብ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል ደርሰናል፤ እርሱም ይሉኝታ ነው። በሰው ቤት ተጋብዞ ጠላ የቀረበለት እንግዳ «እጅሽ ይባረክ» ይላል እንጂ «አሻሮሽ አርሯል» አይልም። ይህ ጨዋነት ነው፤ እንዲጠፋም አልመኝም። ነገር ግን ጠማቂዋን ብቻዋን ይተዋታል። ደንበኛውም ጠላው ካላማረው አይናገርም፤ ሌላ ቤት ይሄዳል። እርሷም ገበያዋ የቀነሰበትን ምክንያት ሳታውቅ ትቀራለች። ስለዚህ ይሉኝታን ሳንሽር እውነቱን የምናገኝበት ሥርዓት ያስፈልገናል።

ሥርዓቱ ቀላል ነው። አራት ወይም አምስት ጠማቂዎች በወር አንድ ቀን ይሰብሰቡ። መጠጦቹ ተመሳሳይ በሆኑ ንጹሕ ብርጭቆዎች ይቀዱ፤ በብርጭቆው ላይ ስም ሳይሆን ቁጥር ይጻፍ። የቀዳችው ሴት በዚያ ዙር አትመዝን። እያንዳንዱ ቀማሽ ለማንም ሳይናገር አስቀድሞ ይጻፍ፤ አንዱ ጮክ ብሎ «ኮምጥጧል» ካለ የሌላው ምላስ ያንኑ መፈለግ ይጀምራልና። መዓዛው ፈጥኖ ስለሚበር መጀመሪያ ይሽተት፤ ቀጥሎ ቀለሙና ጥራቱ ይታይ፤ ከዚያ ይቀመስ። በየመካከሉ ውኃና ቂጣ ይቅረብ። ዓለም አቀፎቹ የቢራ ዳኞች ከ50 ነጥብ ለመዓዛ 12፣ ለመልክ 3፣ ለጣዕም 20፣ በአፍ ውስጥ ለሚሰጠው ስሜት 5፣ ለአጠቃላይ ግምት 10 ይሰጣሉ። መልክ ሦስት ነጥብ ብቻ መሆኑን ልብ በሉ። እኛ ኩል ለመሰለ ጠላችን ለመልክ ከዚህ የበለጠ ልንሰጥ እንችላለን፤ መስፈርቱን የሚወስነው የመጠጡ ባለቤት ነው። ከነጥቡ ይልቅ ግን ከጎኑ የሚጻፈው አንድ ዓረፍተ ነገር ይበልጣል። «28» የሚል ቁጥር ጠማቂዋን አያስተምራትም፤ «ጌሾው በርትቶ ገብሱን ሸፍኖታል» የሚል ቃል ግን ያስተምራታል።

ምላስ የማይደርስበት አንድ ነገር አለ፤ እርሱም የአልኮል መጠን ነው። በስንዴ ቢራ ይህ ቀላል ነው። ሃይድሮሜትር በሚባለው የመስተዋት መለኪያ ከመፍላቱ በፊት 1.050፣ ከፈላ በኋላ 1.012 ቢነበብ አልኮሉ 5 በመቶ ገደማ ነው። በጠላ ግን የመጀመሪያው ንባብ ዋጋ የለውም፤ ስኳሩ በአንድ ጊዜ ስለማይወጣ ድፍድፉን በመለካት የሚታወቅ ነገር የለም። ሌላ መንገድ አለ። ጋዙ የወጣለትንና የተጣራውን ጠላ ለኩ፤ የታወቀ መጠን ወስዳችሁ ነፋስ በሚገባበት ቦታ ግማሽ እስኪሆን አፍሉት፤ አልኮሉ ይተናል። ከቀዘቀዘ በኋላ ንጹሕ ውኃ ጨምራችሁ ወደ ቀድሞው መጠን መልሱትና እንደገና ለኩ። ሁለተኛው ንባብ ከፍ ይላል፤ ልዩነቱ 7 ነጥብ፣ ማለትም 0.007 ከሆነ አልኮሉ ወደ 5 በመቶ ይጠጋል። ግምታዊ ነው፤ ሆኖም አንዱን ጋን ከሌላው ለማነጻጸርና «ቀላል ነው» ተብሎ የተሰጠው ጠላ በእርግጥ ቀላል መሆኑን ለማወቅ ይበቃል። መኪና የሚነዳ ሰው በሚጠጣበት ከተማ ይህ ጥቃቅን ጉዳይ አይደለም።

ክቡራንና ክቡራት፤ ሐሳቤን ላጠቃልል። የኢትዮጵያ የቢራ ኢንዱስትሪ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1922 ከተመሠረተው ከቅዱስ ጊዮርጊስ ፋብሪካ ጀምሮ፣ በመዝገብና በልኬት አድጓል። የቤት ጠመቃችን ከዚያ እጅግ የቆየ ሆኖ ሳለ መዝገቡ በእናቶች ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነው። እናት ስታልፍ መዝገቡም አብሮ ያልፋል።

ስለዚህ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ለተማሪዎቻችን፦ ከእናታችሁ ወይም ከጎረቤታችሁ ጋር ተቀምጣችሁ የአንድ ጥንስስ መዝገብ ጻፉ፤ የእህሉን ሚዛን፣ የአሻሮውን ቀለም፣ የጌሾውን መጠን፣ የቀኖቹን ቁጥርና የአየሩን ሙቀት፣ በመጨረሻም የቅምሻውን ቃል እርሷ እንደተናገረችው። ቃሏን ወደ መጽሐፍ ቋንቋ አትለውጡት። ለጠማቂዎቻችን፦ ከእያንዳንዱ ጋን አንድ ነገር ብቻ ለውጡ። ብቅሉንም ጌሾውንም አሻሮውንም በአንድ ጊዜ የለወጠች ሴት ጠላው ቢያምርም ምክንያቱን አታውቅም። ጥቁር የስንዴ ቢራ ልትጠምቁ ለምትፈልጉ ወጣቶችም ምክሬ ያው ነው፤ የባቫርያውን መስፈርት ተማሩ፣ በዚያም የተሳለውን ምላሳችሁን ይዛችሁ ወደ እናታችሁ ጋን ተመለሱ።

 ጥያቄ ያላችሁ፣ በተለይ ከጠማቂዎቹ ወገን፣ መድረኩ የእናንተ ነው።